የያዮን ዳገት የሚወጣ ራም

መቱ ውስጥ ለኮምፒውተር ራም ብሎ ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ለሞተበት ያለቅሳል፤ ቡናው በዝናብ ለሻገተበትም ያለቅሳል፤ ይገባኛል። እኔ ግን ከመዳፍ በማትሰፋ፣ ከማስቲካ በማትወፍር ነገር የተነሳ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የሶር ወንዝ በክረምት ከሚያወርደው ውሃ የሚበልጥ እንባ አወረድኩ። ማጋነን ልማዱ ነው ይሉኛል። ይበሉ። የዚያን ቀን ግን አላጋነንኩም፤ ሶርን ብበልጠው በትንሹ ነው።

ነገሩ የወንድሜ ነው። ታላቄ ነው፤ አባታችን ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ በአፌ ጋሼ፣ አንቱ እያልኩ ነው የማናግረው። እዚህ ግን “እሱ” ብዬ እጽፋለሁ፤ ወረቀት ላይ እስካለሁ ድረስ ጥፊው አይደርስብኝም። ሚስቱን እትዬን ግን በጽሑፍም አልደፍራቸውም፤ ምሳዬን የምበላው ከእሳቸው ቤት ነው።

ጋሼ ዕድሜውን በሙሉ ሹፌር ነበር። ሚኒባሱን ይዞ ከመቱ በያዮ አድርጎ በደሌ፣ ከበደሌ ጅማ፣ አንዳንዴም ወደ ጎሬ ይወጣ ነበር። የከተማው ዕቃ ሁሉ ከመቀመጫው ሥር ነው የሚመጣው። የበሽተኛ መድኃኒት፣ የሙሽራ ጫማ፣ የተማሪ ስንቅ፣ ሁሉም “ለጋሼ ስጠው፣ ያደርሰዋል” ተብሎ ይላካል። አንዴ ከያዮ ማር ጭኖ ሲመጣ፣ ንቦቹ ማራችንን አንለቅም ብለው እስከ መቱ መናኸሪያ ድረስ ቆመው ተሳፍረዋል እያልኩ አወራ ነበር። ጋሼ ይሰማና “ቆመው አይደለም፣ ወንበር ሰጥቻቸዋለሁ” ይላል። ቀልድ የተማርኩት ከእሱ ነው።

ሲነዳ የሚላት ቃል አንዲት ነበረች፤ ሱታ። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ተሳፋሪ ቸኩሎ ሲጮህበት ሱታ፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያፏጭ ሱታ። የጫካ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ከመንገድ ዳር ሆነው መኪናውን ሲያዩ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ “ሱታ!” ብለው ይስቁበት ነበር።

አንድ ክረምት የያዮን ዳገት ሲወጣ የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። እንዲህ ሲሆን ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ይቀመጣል፤ ረዳቱ ወርዶ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ይወሽቃል። ይህን ታኮ ማድረግ ይሉታል። ያን ቀን ረዳቱ ጥርሱን አሞት መቱ ቀርቶ ነበር። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ወርዶ፣ ታኮውን በገዛ እጁ ሊያደርግ ጎንበስ አለ። መኪናው አልጠበቀውም። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በሰላም ወረዱ። ጋሼ ግን ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጥቶ ወደ መቱ ተመለሰ።

ቁስሉ ዳነ። ሐኪሙ እትዬንና እኔን ጠርቶ “የእኛ ሥራ አልቋል፤ የቀረው የእሳቸው ነው” አለን። የቀረው የእሱ ሥራ መብላት፣ መነሳትና በክራንች መሄድ መማር ነበር። ጋሼ ግን ቤት ከገባ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በቃ። አይበላም፤ እትዬ ሲለምኑት ሁለት ጉርሻ ወስዶ ይተወዋል። አያወራም። ጠያቂ ሲመጣ የተኛ ይመስላል። በየሳምንቱ ከብርድ ልብሱ ሥር እያነሰ እያነሰ ሄደ። ሐኪሙ ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቶኝ “በዚህ ከቀጠሉ በሌላ በሽታ ነው የምታመጧቸው፤ ያኔ ደግሞ አልችላቸውም” አለኝ።

እኔን እንግዲህ ከተማው የሚያውቀኝ በቀልድ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘኑ ሲከብድ “እስቲ እሱን ጥሩት፣ ያጫውተን” ተብሎ ይላክብኛል፤ ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት አስቄ አውቃለሁ። ጋሼ ዘንድ ግን በየቀኑ እየሄድኩ ለጀርባው አወራ ነበር። ጀርባ አይስቅም። በመቱ ምድር ያለ ቀልድ ሁሉ አልቆብኝ ከጎሬ ተበድሬ አመጣሁ። ምንም የለም። እትዬ ሊያስተናግዱኝ ብለው በጋሼ ፋንታ ይስቁልኛል። ያ ደግሞ ይብሳል።

የምተዳደረው ከባጃጅ ተራው አጠገብ ባለች ጌም ቤቴ ነው፤ ጥቂት ኮምፒውተሮች አሉኝ፣ ሰዉ እየመጣ ኳስ ይጫወትባቸዋል። አንድ ቀን ጋሼ እግርጌ ተቀምጬ፣ ወሬ ሲያልቅብኝ ስልኬ ላይ የከባድ መኪና ጌም የሚጫወት ሰው ቪዲዮ ከፈትኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ማርሽ ይቀየራል። ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

“ማነው እንዲህ ክላች በቅጡ ሳይረግጥ ማርሽ የሚቀይረው?”

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። “ፈረንጅ ነው ጋሼ። ጌም ነው።”

“ይገድለዋል ሞተሩን።”

አጎንብሼ ስልኩን ከፊቱ አደረግሁለት። አየው። ጫካ፣ ጭጋግ፣ እርጥብ አስፋልት።

“መሪ አለው?”

“አለው። እውነተኛ መሪ ይገጠምለታል።”

“ፍሬን?”

“አለው።”

“ዳገትስ?”

“የያዮን የሚያስንቅ!”

“አምጣው” አለ። እትዬ ጓዳው በር ላይ ቆመው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና በእጃቸው ከደኑት።

ያን ለታ አንድ ነገር ተሳሳትኩ። ጋሼን ያዞረው ሥዕሉ መሰለኝ። ጫካው፣ ጭጋጉ፣ ውበቱ። ስለዚህ ሥዕል ሳሳድድ ከረምኩ።

ከጌም ቤቴ የተሻለውን ኮምፒውተር አንስቼ፣ መሪና ፔዳል ፈላልጌ ገዝቼ፣ ወሰድኩለት። ኮምፒውተሩ ለኳስ ይበቃል፤ ለተራራ ግን አልበቃ አለ። ሥዕሉ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል። መኪናው ከመታጠፊያው በፊት ይታይና ከመታጠፊያው በኋላ ብቅ ይላል፤ መሀል ላይ የት እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ጋሼ አልጋው ላይ እንዳለ በአንድ ዓይኑ አየው።

“ይሄ መኪና ሰክሯል” አለ። “የሰከረ መኪና ላይ አልወጣም።” ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ “ሳይቆራረጥ የሚሄድ ከሆነ አምጣው። ካልሆነ ተወኝ። ደክሞኛል” አለ።

ያቺን “ደክሞኛል” እትዬም ሰሟት። ወደ ጓዳ ገቡና ሳይወጡ ቆዩ።

ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎችን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የማያውቁትንም ጠየቅሁ። ሁሉም ራሙ ላይ ተስማሙ። ራም ምን እንደሆነ ለማያውቅ በመቱ ቋንቋ ልንገር። ቡና መጋዘን ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው መጥፎውን ፍሬ ይለቅማሉ። የሴቶቹ እጅ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ከኋላ የተከመረው ጆንያ ዲስኩ ነው፤ ራም ማለት ከፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ነው። እጅ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን፣ ጠረጴዛው ከጠበበ ወይም ቡናው ቶሎ ካልፈሰሰለት እየቆመ ይጠብቃል። የእኔ ጠረጴዛ ጠባብ ነበረች። በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል። እሱን ደግሞ ኦቨርክሎክ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ፋብሪካው ከፈቀደለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ቃሉን ከሰማሁ ጀምሮ ወድጄው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ወሬን ኦቨርክሎክ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሀጂ ሱቅ ሄድኩ። ሀጂ የምለው ጓደኛዬ ነው፤ ሐጅ ያደረጉት አባቱ ናቸው፣ እሱ በውርስ ይጠራበታል። ቤተሰቡ ከድሮ ጀምሮ ቡና ነጋዴ ነበር፤ እሱ ግን ስልክና የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል።

“ሀጂ፣ ራም ስጠኝ።”

“ምን ዓይነት?”

“ወንድሜን ከግድግዳ የሚያዞር።”

“እሱ እንኳ ትናንት አለቀ” አለና ፊቴን አይቶ ቀልዱን ተወው። “ጋሼ እንዴት ናቸው?”

“የሉም ማለት ይሻላል።”

መሳቢያውን ከፈተ። ሁለት አረንጓዴ ራሞች አወጣ፤ እርቃናቸውን ናቸው፣ አንድ ፋብሪካ አንድ ቀን የወለዳቸው መንታ። ፍጥነታቸው መካከለኛ ነው። አጠገባቸው ሌላ አንድ አስቀመጠ። እሱስ! ቀይ ብረት ለብሷል፣ ጫፉ ላይ መብራት አለው፣ መንታዎቹ ሁለቱ ተደምረው የሚሆኑትን ያህል ስፋት አለው፣ ፍጥነቱ ደግሞ ሀጂ ሲነግረኝ ልቤ ቆመ።

አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፌ አድርጌ መዘንኳቸው። አሸተትኳቸው። ወደ ጥርሴ ላስጠጋ ስል ሀጂ እጄን ያዘኝ።

“አንተ! የነከስከውን ገዝተህ ነው የምትሄደው!”

ምን ላድርግ፤ አባቴ ቡና ሲገዙ እንዲህ ነበር የሚመርጡት። እፍኝ ያነሳሉ፣ ይመዝናሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዷን ፍሬ ይነክሳሉ፣ ከዚያ ባለቤቱን ቀና ብለው ያዩታል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ከዋሸ ያልበዋል። ራም ግን አያልበውም።

“መንታዎቹን ውሰድ” አለ ሀጂ። “አብረው ተወለዱ፣ አብረው ይሠራሉ።”

“እነዚህማ ለቀብር የሚሄዱ ይመስላሉ። ቀዩን ስጠኝ።”

“ቀዩ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ከወሰድከው ብቻውን አስገባው።”

“ከድሮው ራሜ ጋር እደባልቀዋለሁ።”

“ይሄ ቡና አይደለም አንተ ሰውዬ!”

“ሁሉም ነገር ቡና ነው ሀጂ። አባቴ የዳሪሙን የጓሮ ቡና ከያዮ የጫካ ቡና ጋር ሲደባልቁት ደካማው ቀና ይል አልነበረም? ጎበዙ ሰነፉን ይጎትተዋል።”

“ወላሂ ይጣላሉ።”

“ይጣሉ፤ እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ። አስታርቃቸዋለሁ።”

ሀጂ ራሱን እየነቀነቀ ቀዩን በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። “ከተጣሉ ደውልልኝ” አለ።

ጌም ቤቴን ቆልፌ፣ ደንበኛ በሩን ሲደበድብ “ሐዘን ላይ ነን!” እያልኩ፣ ቀዩን ከአሮጌው ጎን ሰካሁት። ፕሮሰሰሩን ከፍ አደረግሁ። ራሙንም ከፍ አደረግሁ። ማራገቢያው የእህል ወፍጮ ሆነ፤ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት ሰዎች ሄሊኮፕተር አረፈ ብለው ወጡ። ሥዕሉን የመጨረሻው ውበት ላይ አድርጌ ጌሙን ከፈትኩ። ኧረ ጉድ! ቅጠሉ ላይ ጠብታ ይታያል። ጠብታው ውስጥ ሰማይ ይታያል። እኔማ ሰማዩ ውስጥ መላእክት አየሁ ብዬ ለሀጂ ነግሬዋለሁ። ሜዳው መንገድ ላይ መኪናው እንደ ቅቤ ፈሰሰ። ዳገቱን አልሞከርኩትም። የመጀመሪያውን ዳገት ለጋሼ አቆየሁለት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኩት። ዝናቡ ይወርዳል። ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ሳጥኑን ክርስትና እንደሚነሳ ሕፃን ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ “ሱታ! ማሎ፣ እባክህ ሱታ!” እያልኩ ባለባጃጁን አሰለቸሁት።

ጋሼን ከአልጋው አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ስይዘው ደነገጥኩ። መኪናው ጣራ ላይ ጆንያ ቡና ብቻውን ሲጭን ያየሁት ሰው፣ ብርድ ልብሱ ብቻ እጄ ላይ የቀረ እስኪመስለኝ ቀለለኝ። ፊቱን ታጥቦ ነበር። እትዬ “ጃኬቴን ስጪኝ ብሎ ጠየቀኝ” አሉኝ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እያበራ። ያቺን የሹፌርነት ጃኬቱን፣ ክርኗ የተላጠውን፣ ለብሶ ነበር። መሪውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት። ፔዳሎቹን ወደ ግራ እግሩ አስጠጋሁለት። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ጋሼ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። መስታወት ሊያስተካክል ነበር። መስታወት የለም። እጁን ቀስ ብሎ መለሰው።

መንዳት ጀመረ። በግራ እግሩ ነዳጅም ፍሬንም እየፈለገ፣ መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ያዘው። ጫካው በግራና በቀኝ አለፈ። እትዬ ከወንበሩ ጀርባ ቆሙ። “ዝናብ አለ” አለ ጋሼ፣ ለማንም ሳይሆን። የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳሁለት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሱታ እያለ ነበር።

ዳገቱ መጣ። ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ድምፁን አወፈረ። እዚያው ዳገቱ መሀል ላይ ሥዕሉ ደረቀ፤ ከዚያ የኮምፒውተሩ መስኮት ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ማራገቢያው እንደ ታመመ ሰው ተነፈሰና ዝም አለ።

“ትንሽ ይጠብቁ ጋሼ፣ ትንሽ!” መልሼ አስነሳሁት። መንገዱ፣ ጫካው፣ ዝናቡ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና አስነሳሁት። እንደገና እዚያው። ቀዩ ራም መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ ያሾፍብኛል።

ጋሼ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም። ሰማያዊውን መስኮት አየው።

“እዚያችው ቦታ ላይ” አለ።

“ምን አሉ ጋሼ?”

“እዚያችው ዳገት ላይ።” ጃኬቱን አወለቀ። አጠፈው። “አልጋዬ ላይ መልሱኝ።”

መለስነው። ወደ ግድግዳው ዞረ። “ሁለተኛ እንዳታመጣው” አለ። “እሱንም ሆነ ሌላ ነገር፣ ሁለተኛ ምንም እንዳታመጣልኝ።”

ቀልድ ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ውስጥ ምንም አልነበረም። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ በረንዳው ላይ ወጣሁና ሳጥኑን አቅፌ ተቀመጥኩ። እንባው ያኔ ነው የመጣው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚጮህ የሚሰማኝ የለም ብዬ አልነበረም የማለቅሰው፤ ቢሰማኝም ግድ አልነበረኝም።

እትዬ ወጡ። ጃኬቷን ይዘዋል።

“ለሚሆነው ሰው ስጪው አለኝ” አሉ።

ሁለታችንም ጃኬቷን አየናት።

“እትዬ፣ ሳጥኑ ነው እንጂ እሳቸው…”

“ሳጥኑን አላውቀውም። ይሄን ግን አውቀዋለሁ።” ጃኬቷን ነቀነቋት። “ሰው ልብሱን ማደል ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ማሎ፣ አንድ ነገር አድርግ። ቀልድ አይደለም የምልህ።”

ለሀጂ ደወልኩ። ገና አቤት ሳይል “ተጣሉ” አልኩት።

“ዳገቱ ላይ?”

“እንዴት አወቅህ?”

“ሜዳ ላይማ ማንም አይጣላም። ስማኝ፤ አባትህ እሸት ቡናና የደረቀ ቡና አንድ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጡ ነበር?”

ልጅ ሆነን አንዴ ሰንፈን እሸቱን ከደረቀው ላይ ደፋነው። እሸቱ ያልባል፣ የደረቀውን ያረጥበዋል፣ ሁለቱም ይሻግታሉ። አባቴ የዚያን ቀን የሰጡን ግርፊያ እስከ ጋምቤላ ሳይሰማ አልቀረም። የሚደባለቀው እያንዳንዱ በየአልጋው ደርቆ፣ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ነው። አልጋ ላይ፣ ፀሐዩ ሥር፣ ሥራ ላይ እያለ አይደባለቅም። ይህን መቱ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ረስቼ ጆንያውን ብቻ አስታውሼ ነበር።

“አንዱን አውጣው” አለ ሀጂ። “ያንን ኦቨር ምናምን የምትለውንም መልሰው፣ በፋብሪካው ልክ ይሂድ። ሥዕሉንም ቀንስ።”

“ሥዕሉ ከቀነሰ ምን ቀረው? ያስጠላቸዋል!”

“ያስጠላቸው። ያኮረፉት ይቆራረጣል ብለው አይደል እንዴ? አስጠላኝ ብለዋል?”

አላለም። አንድም ቀን አስጠላኝ አላለም።

በረንዳው ላይ ሳጥኑን ፈታሁት። እትዬ ዝናቡ እንዳይረጨው በነጠላቸው ጋረዱልኝ። አሮጌውን ነቅዬ አወጣሁት፤ ስንት ዘመን አገልግሎኝ ነበር። ቀዩን ብቻውን ተውኩት፤ ለሩጫ የተፈጠረውን፣ በእግሩ እንዲሄድ ፈረድኩበት። ቤት ገብቼ ሳጥኑን ሰካሁት፤ ያን ጊዜ የጨመርኩትን ፍጥነት ሁሉ መለስኩ። ሥዕሉን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረግሁት። ቅጠሎቹ ረገፉ። ዛፎቹ በመጥረቢያ የተጠረበ አጥር መሰሉ። ጠብታው ጠፋ፣ መላእክቱ ተሰደዱ። ደመናው ሰማይ ላይ የተሰጣ የአልጋ ልብስ ሆነ። የያዮን የሚያስንቅ ያልኩት ዳገት ይኸው።

ጋሼ አልዞረም። “አታምጣው” ያለውን ነገር እግሩ ሥር መልሼ ስሰካ ይሰማል፤ ግን ለመቆጣት እንኳ አልፈለገም። እሱን ለመጥራት ድፍረት አጣሁ። ቢያንስ ዳገቱ ላይ ይቆም እንደሆነ ልይና ጠቅልዬ ልሂድ ብዬ ራሴ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ ደግሞ መንዳት አልችልም። የጋሼ ወንድም ሆኜ! ወጣት ሳለሁ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር፤ ለተሳፋሪው ወሬ ለመንገር ወደ ኋላ እየዞርኩ ስነዳ አንድ የበግ መንጋ ለሁለት ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ መሪ እንደማያስነካኝ ማለ።

ነዳጁን ረገጥኩ። ሞተሩ ጮኸ። መንገዱን ሁለት ጊዜ ስቼ፣ አጥሩን የመሰለውን ጫካ ገጭቼ፣ ዳገቱ ጋ ደረስኩ። አልቆመም! ሥዕሉ አልደረቀም። አስቀያሚ ነው፣ ግን ይሄዳል። እኔ ግን መውጣት አቃተኝ። ሞተሩ ታንቆ ያቃስታል፣ ጎማው ይንሸራተታል።

ከግድግዳው በኩል “ማርሽ ቀንስ” ተባለ።

መስማቴን አላመንኩም። “አቤት ጋሼ?”

“ማርሽ ቀንስ፣ ደንቆሮ! ሲያቃስት አትሰማም?”

ቀነስኩ መሰለኝ፤ ጨምሬ ነበር። ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ድንጋዩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

“ፍሬን! ፍሬን ያዝ!”

“የትኛው ነው?”

“ወደ ኋላ እየሄድክ ነው! ታኮ! ታኮ አድርግ!”

ያ አደጋ ከደረሰ ጀምሮ በዚህ ቤት ይህችን ቃል ማንም አንስቷት አያውቅም። እትዬ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እኔ የምሠራውን አጣሁ። ለታኮ የሚሆን ቁልፍ በኮምፒውተሩ ላይ የለም። ግን ጋሼ አዟል። የቀኝ ጫማዬን አወለቅሁና ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቅሁት።

ቀና ስል ጋሼ በክርኑ ተደግፎ ዞሮ ያየኛል።

“ምን እያደረግክ ነው?”

“ታኮ።”

ጫማዬን አየ። እግሬን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቀ ወይስ አለቀሰ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እትዬም አላወቁም፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ፊቱን በብርድ ልብሱ ጠረገ።

“ተነስ ከዚያ” አለ። “ሰው ትጨርሳለህ።”

አነሳሁት፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን ተንሸራቶ ከደረሰበት ገደል ጠርዝ አወጣው። ስለ ዛፎቹም፣ ስለ ደመናውም ምንም አላለም፤ ያያቸውም አይመስለኝም። ጆሮው ሞተሩ ላይ ነበር። ዳገቱን ያዘ። ሱታ። ሥዕሉ አልተቆራረጠም። ግራ እግሩ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ ቀኝ ጭኑ ባዶውን ይረግጣል፣ ይረግጣል። እትዬ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አላዞርኩም። ሱታ። የዳገቱ ጫፍ ታየ።

ያኔ መብራት ጠፋ።

መስኮቱ ጠቆረ። ማራገቢያው ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረና ቆመ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። እዚያችው ዳገት ላይ፣ እንደገና። አፌን ከፈትኩ፤ አሁንም ባዶ ነው።

ጋሼ እጁን ከመሪው አላነሳም። እግሩም ፍሬን ላይ ነው።

“መብራት ነው?” አለ።

“መብራት ነው ጋሼ። ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው።”

“መኪናው አይደለም?”

“አይደለም።”

ጥቁሩን መስኮት እያየ፣ ወደ እትዬ ሳይዞር “ጃኬቴን አምጪልኝ፣ ዳገት ላይ ይበርዳል” አለ። እትዬ ከበረንዳው አምጥተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። እሱ አሁንም ወደፊት እያየ እኔን ጠራኝ።

“ረዳት!”

“አቤት።”

“በሩን ያዝ። መብራት እስኪመጣ ተሳፋሪ እንዳይወርድ።”

በአንድ ጫማ እያነከስኩ ሄጄ በሩን ያዝኩ።